ሱቅ ከመክፈታችሁ በፊት የሚጻፉ ነገሮች፦ ከሀዋሳ የአነስተኛ ንግድ ተሞክሮ



ከጁሙዓ ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ቆመን ስናወራ ወጣት ወንድሞች ደጋግመው የሚያነሱልን ጥያቄ አለ፦ «ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ፤ ምን ብጀምር ያዋጣኛል?» እህቶችም በባለቤቶቻችን በኩል ይህንኑ ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን ከጥቂት ዓመታት ሥራ በኋላ የተረዳነው ሌላ ነገር አለ። ብዙ ሱቆች የሚዘጉት ሥራው መጥፎ ስለነበረ ሳይሆን መጻፍ የነበረበት ነገር ሳይጻፍ ስለቀረ ነው። የማን ገንዘብ እንደሆነ፣ ማን ስንት እንደወሰደ፣ ማን ስንት እንዳለበት የሚያሳይ ወረቀት የለም።

ሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ነው። ርዕሰ ጉዳዩም የገንዘብ ውል ነው። ጊዜ የተቀጠረለት ዕዳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክሮች እንዲኖሩ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ ለመጻፍ እንዳንሰላች ያዛል። እጅ በእጅ የሚካሄድ ግብይት ባይጻፍ ኃጢአት እንደሌለው ጭምር ይገልጻል። እኛ ይህን አንቀጽ በትምህርት ቤትም በመድረሳም አስተምረናል። በራሳችን ሱቅ ግን አልሠራንበትም ነበር። የሚከተለው ጽሑፍ ከዚያ ስሕተት የተገኘ ትምህርት ነው።

ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን ከመምህርነት የወጣን ስንሆን፣ ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ የሠራ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሀዋሳ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፈትን።

1. ቦታውን መቁጠር

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከተማዋ አንድ ብትሆንም ገበያዋ አንድ ዓይነት አይደለም። በሐይቁ ዳርቻ የሚሠራ ሰው ዋና ገበያው ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም የበዓል ሰሞን ነው። መነኸሪያ አካባቢ ያለው የሚሸጠው ለመንገደኛ ነው፤ መንገደኛ ደግሞ ይቸኩላል፣ ነገ ተመልሶ አይመጣም። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለው ተማሪው ሲመጣ ይሞቃል፣ ሲሄድ ይቀዘቅዛል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ዙሪያ ያለው የሠራተኛውን ፈረቃና የደመወዝ ቀን ይጠብቃል።

እኛ ቤቱን የመረጥነው ኪራዩ ርካሽ ስለነበረና ትምህርት ቤት ስለሚቀርበው ነው። ያየነው ነሐሴ ላይ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። መስከረም ላይ ተማሪው ሲመጣ አብዛኛው የሚገባውና የሚወጣው በሌላኛው በር እንደሆነ አወቅን። በኪራይ ያተረፍነውን በገዢ እጦት ከሰርን።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፦ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ቦታው ላይ አንድ ሙሉ ሳምንት ተመላለሱ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ስንት ሰው እንደሚያልፍ በወረቀት ቁጠሩ። አጠገብ ያሉት ሱቆች ምን እንደሚሸጡ ብቻ ሳይሆን ሰው ጠይቆ «የለም» የሚባለው ምን እንደሆነ አዳምጡ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ ወንድማቸው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) ከንብረቱ ግማሹን ሊሰጣቸው ሲነሳ በረካ ተመኝተውለት የጠየቁት የገበያውን መንገድ እንዲያሳያቸው ነው። የጀመሩትም በቅቤና በደረቅ አይብ ነበር። መጀመሪያ ገበያውን አዩ፤ ትንሽ ይዘውም ገቡ።

የኪራይ ውሉም በጽሑፍ ይሁን። የኪራዩ ዘመን ስንት ነው? ኪራይ የሚጨመረው መቼ ነው? ከስንት ወር በፊት ይነገራችኋል? የመብራትና የውሃ ክፍያ የማን ነው? ማስታወቂያ መስቀል ይቻላል? መደርደሪያና በር ብትሠሩ ስትለቁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? እኛ በቃል ተስማምተን ገብተን በዓመቱ ኪራይ ሲጨመርብን የምናሳየው ወረቀት አልነበረንም።

2. መነሻ ገንዘብ ከወለድ ውጭ

ለሙስሊም ነጋዴ የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው። በወለድ የሚሰጥ ብድር ቅርብ ነው፤ የሐላሉ መንገድ ግን ረጅም ሊመስል ይችላል። ያሉትን አማራጮች በአጭሩ እንይ።

የራስ ቁጠባ፦ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ነገር ግን ያላችሁን ሁሉ ዕቃ ላይ አታፍስሱ። የስድስት ወር ኪራይና የሦስት ወር የቤት አስቤዛ ለብቻው ካልተቀመጠ ሱቁ እግሩን ሳይተክል ዕቃው ወደ ምግብነት ይቀየራል።

ዕቁብ፦ ሁሉም እኩል እየጣለ በየተራው እኩል የሚወስድበት ዕቁብ ወለድ የሌለበት መረዳጃ በመሆኑ የዘመናችን ብዙ ዑለማዎች ፈቅደውታል። ችግሩ ያለው ተራን በመሸጥ ላይ ነው። 100,000 ብር የደረሰው ሰው ለቸኮለ ሰው ተራውን ለቆ 5,000 ብር «መሸጫ» ሲቀበል፣ ገንዘብን በገንዘብ በብልጫ የመለወጥ ጉዳይ ይመጣል። ይህ የሪባ በር ነው። ዕቁባችሁ ይህን የሚፈቅድ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ።

ከወለድ ነፃ ባንክ፦ በአገራችን የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ለዚህ አገልግሎት በር ከፈተ። በ2004 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ ነባር ባንኮች በመስኮት ደረጃ እንዲሰጡት ተፈቀደ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ማቋቋም የተቻለው ግን ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ነው። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ የመጀመሪያው ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሂጅራ ባንክ ተከተለው።

ለአነስተኛ ነጋዴ በብዛት የሚያገለግለው ውል ሙራበሓ ነው። ባንኩ የምትፈልጉትን ዕቃ ራሱ ገዝቶ ንብረቱ ካደረገ በኋላ፣ በታወቀ ትርፍ በክፍያ ጊዜ ከፋፍሎ ይሸጥላችኋል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ዕቃውን ራሳችሁ ከገዛችሁት በኋላ «ክፈሉልኝ» ብትሉ፣ ወይም ዕቃ የሌለበት ደረሰኝ አቅርባችሁ ገንዘቡን ብትወስዱ ውሉ ሽያጭ መሆኑ ቀርቶ ብድር በብልጫ ይሆናል። ባንኩ የሸሪዓ አማካሪ ቢኖረውም ደረሰኙን የምታመጡት እናንተ ናችሁ፤ ተጠያቂነቱም ከእናንተ ይጀምራል።

በስልክ በደቂቃ የሚገኙ ብድሮችን በተመለከተ፣ ተጨማሪው «የአገልግሎት ክፍያ» ቢባልም ስሙን ሳይሆን ውሉን እዩ። ክፍያው ከብድሩ መጠንና ጊዜ ጋር አብሮ የሚያድግ ከሆነ ዕውቀት ያላቸውን ሳትጠይቁ አትግቡበት።

3. ስጦታ፣ ብድር ወይስ ድርሻ?

ከሁሉም በላይ የጎዳንን ነገር እዚህ ላይ እንናገር።

ከሦስታችን የአንዱ እህት ሳዑዲ ውስጥ በሰው ቤት ለዓመታት ሠርታለች። ሱቁን ልንከፍት ስንል ያጠራቀመችውን ላከችለት። በስልክ ያለችው «ሥራ ጀምርበት» ብቻ ነበር። ገንዘቡ ከሌላው ጋር ተደባለቀ፤ የመጀመሪያው የፎቶ ኮፒ ማሽን የተገዛውም በእሱ ነው። ማናችንም ምንም አልጻፍንም። እህት ናት፤ ምን ይጻፋል?

ከአራት ዓመት በኋላ ተመለሰች። አንድ ቀን ሱቁ መጥታ ተቀመጠች፣ ማሽኑን አየችና «የእኔ ድርሻ ስንት ደረሰ?» ብላ ጠየቀች። ወንድምየው ገንዘቡን የቆጠረው እንደ ስጦታ ነበር። እኛ ሁለታችን የቆጠርነው እንደ እሱ ካፒታል ነው፤ ትርፍም በዚያ ስሌት ስንካፈል ቆይተናል። እሷ ደግሞ ባለድርሻ እንደሆነች እያሰበች ነው ያን ሁሉ ሌሊት ልብስ የተኮሰችው። አንድ ገንዘብ ሦስት ታሪክ ነበረው። ከመካከላችን የዋሸ ግን አልነበረም።

አንድ ኡስታዝና ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን ከዐስር በኋላ ለብዙ ቀናት ተቀመጥን። የላኪ ደረሰኞችን፣ የስልክ መልእክቶችን፣ የተበጣጠሱ ደብተሮችን ሰበሰብን። በመጨረሻ ገንዘቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ ድርሻ ሆኖ እንዲቆጠር ተስማማን። የሁላችንም ድርሻ አነሰ። ከእኛ አንዱ ይህን መቀበል ስለከበደው የራሱን ይዞ ወጣ። ዛሬም መንገድ ላይ ሰላም እንባባላለን፤ ቡና ግን እንደ ድሮው አብረን አንጠጣም። አንድ ገጽ ወረቀት ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ስለዚህ የሌላ ሰው ገንዘብ ወደ እጃችሁ ሲገባ ከሚከተሉት የትኛው እንደሆነ በዚያው ቀን ይጻፍ።

ስጦታ (ሂባ)፦ ሰጪው ተመልሶ አይጠይቅበትም። «ስጦታ ነው» ብሎ ራሱ ይናገር፤ ተቀባዩ አይገምት።

ብድር (ቀርድ)፦ የተወሰደው ያህል ይመለሳል፤ ጭማሪ በቅድመ ሁኔታ አይገባበትም። በምን ገንዘብ እንደተበደራችሁ ጻፉ፤ ሪያል ወይም ድርሃም ከሆነ ያንኑ ግለጹ። መመለሻ ቀኑንም ጻፉ።

ሙዳረባ፦ አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ ሌላው ይሠራል። ትርፉን የሚካፈሉት በመቶኛ ነው፤ «በየወሩ ይህን ያህል ብር» ብሎ መቁረጥ አይቻልም። ከሰረ የገንዘቡ ኪሳራ የባለገንዘቡ ነው፤ ሠራተኛው ልፋቱን ያጣል። ሠራተኛው ከውሉ ከወጣ ወይም በቸልተኝነት ካጠፋ ግን ይጠየቃል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነት በፊት በእናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ገንዘብ ወደ ሻም የነገዱት በዚህ ዓይነት አሠራር ነው።

ሙሻረካ፦ ሁሉም ገንዘብ ያዋጣሉ። ትርፉን በተስማሙበት መቶኛ ይካፈላሉ፤ ኪሳራውን ግን እንደየካፒታላቸው መጠን ይሸከማሉ።

ውሉ ላይ መውጫውም ይጻፍ። አንዱ ልውጣ ቢል ዕቃው በምን ዋጋ ይገመታል? በስንት ጊዜ ይከፈለዋል? አንዱ ቢሞት ወራሾቹ ምን ይደርሳቸዋል? ይህን ማንሳት የሚያሳፍረው በመጀመሪያው ቀን ነው። በኋላ ግን ከማሳፈር አልፎ ያጣላል።

4. ፈቃድና ግብር

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን)፣ የንግድ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ ሳይወጣ በር አትክፈቱ። ከወለድ ነፃ ባንክም ሆነ ጅምላ አከፋፋይ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህን ነው። ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነና የቤታችሁ ንብረት ከሱቁ ዕዳ እንዲለይ ከፈለጋችሁ፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም እንደሚፈቅድ እወቁ። በግለሰብ ነጋዴነት ከሠራችሁ ግን የሱቁ ዕዳ የእናንተው ዕዳ ነው።

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር ከፋዩን በዓመታዊ ሽያጭ መጠን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ይከፍል ነበር፤ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ግን ይህን ስለቀየረ የጎረቤት ነጋዴን የቆየ መረጃ ይዛችሁ አትሂዱ። በክፍለ ከተማችሁ ገቢዎች ቢሮ ተገኝታችሁ የትኛው ደረጃ እንደሆናችሁ ጠይቁ።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት በወጣ ጊዜ በብዙ ከተሞች ነጋዴው ምን ያህል እንደጮኸ የምናስታውስ እናስታውሳለን። መዝገብ የሌለው ነጋዴ የሚከራከርበት ማስረጃ የለውም፤ ገማቹ ያየውን ይገምታል። መዝገብ ያለው ግን ደብተሩን ይከፍታል።

ሱቁን ስትዘጉም ፈቃዱን መልሱ። በሩን ቆልፎ መሄድ ግብሩን አያቆመውም። ፈቃዱ ሳይመለስ ከቀረ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሥራ ልትጀምሩ ስትሉ የተከማቸ ዕዳ ይጠብቃችኋል።

5. ዋጋና መሳቢያ

አንድ ደብተር በ40 ብር ገዝታችሁ በ50 ብር ሸጣችሁ እንበል። አሥር ብር አተረፍን ትላላችሁ። ግን ኪራይ፣ መብራት፣ የባጃጅ ጭነት፣ ግብርና የእናንተ ጉልበት ከዚያ አሥር ብር ውስጥ ይወጣሉ። ሌላም አለ፦ ጅምላ ሻጩ ዘንድ ያው ደብተር ዛሬ 55 ብር ከገባ፣ በ50 ብሩ ያንኑ ደብተር መልሳችሁ መግዛት አትችሉም። እየሸጣችሁ መደርደሪያው ይሳሳል።

ይህን በደንብ የተማርነው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ነው። በዚያ ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወረቀትና የማሽን ቀለም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። በድሮ ዋጋ መሸጣችንን እንደ ደግነት ቆጥረን ጥቂት ሳምንት ቀጠልን፤ ገንዘቡን ይዘን ጅምላ ሻጩ ጋ ስንሄድ ከቀድሞው ግማሽ ያህል ዕቃ ይዘን ተመለስን። ዋጋ መጨመር በራሱ ሐራም አይደለም፤ የተከለከለው ሰው የሚፈልገውን ዕቃ ደብቆ ዋጋው እስኪወደድ መጠበቅና ማታለል ነው። ዋጋችሁን በገዛችሁበት ሳይሆን መልሳችሁ በምትገዙበት ዋጋ አስሉ።

የገንዘብ መመላለሻ ፍጥነትም ይታሰብ። በሐይቁ ዳር ጠዋት ቆሮሶ የገዛ ሰው ማታ ሽጦ ገንዘቡን ይዞ ይገባል። የእኛ ደብተር ግን መስከረም ላይ ካልተሸጠ እስከሚቀጥለው መስከረም ሊተኛ ይችላል። አንዱን ከአንዱ አናበላልጥም፤ ዓሣው ካልተሸጠ ይበላሻል። ነገር ግን ገንዘባችሁ ስንት ቀን ዕቃ ሆኖ እንደሚቆይ ሳታውቁ ብዙ አትግዙ። ርካሽ ነው ተብሎ የተገዛና ዓመት የተኛ ዕቃ ውድ ዕቃ ነው።

መሳቢያው የሱቁ እንጂ የእናንተ አይደለም። ዳቦ፣ የልጅ ማስቲካ፣ የእንግዳ ለስላሳ፣ የስልክ ካርድ እያልን ስናወጣ በወሩ መጨረሻ የጎደለውን ማወቅ አቃተን። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ለራሳችን ደመወዝ ቆረጥን፤ ለሱቁ የተለየ የባንክ ሒሳብ ከፈትን፤ በስልክ የሚገባውም ክፍያ ወደ ግል ስልካችን እንዳይመጣ አደረግን። ከመሳቢያ የወጣ አንድ ብርም ይሁን ይጻፋል።

በየማታው አምስት መስመር እንጽፋለን፦ ጠዋት መሳቢያ ውስጥ የነበረው፣ የተሸጠው፣ የወጣው፣ በዱቤ የሄደው፣ ማታ የቀረው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

6. ዱቤ

«ዱቤ የለም» የሚል ጽሑፍ መስቀል ይቻላል። በሰፈር ሱቅ ግን ደመወዙ ያለቀበትን መምህርና የልጇ ደብተር ያለቀባትን እናት መመለስ ከባድ ነው። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ሙስሊም አይደሉም፤ የሐቅ ጉዳይ ግን ለሁሉም አንድ ነው። እኛ በዱቤ እንሰጣለን፣ በገደብ። ከጠቅላላ ዕቃችን ከአሥር አንዱ በላይ በዱቤ አይወጣም፤ የቀደመውን ያልከፈለ አዲስ አይወስድም።

የዱቤ መዝገባችን አምስት ነገር አለው፦ ስም፣ ዕቃ፣ ዋጋ፣ የመክፈያ ቀን፣ ፊርማ። ሲከፈል ሁለታችንም እያየን ይሰረዛል። ለተቸገረ ጊዜ መስጠት፣ ከተቻለም መተው፣ በዚያው በሱረቱል በቀራ ከዕዳው አንቀጽ ጥቂት ቀደም ብሎ የተመከረበት ነው። መተው የምትችሉት ግን ያወቃችሁትን ዕዳ ነው።

አንድ አዛውንት ደንበኛችን ሲሞቱ ልጃቸው ከቀብር በፊት ሱቅ መጥቶ «አባቴ ዕዳ አለበት?» ብሎ ጠየቀን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ጀናዛ ሲቀርብላቸው የሟቹን ዕዳ ይጠይቁ እንደነበር የሚያውቅ ልጅ ነው። መዝገቡን ከፈትን፤ 340 ብር ነበር። ለአላህ ብለን መተዋችንን ነገርነው። ባንጽፈው ኖሮ «የለም» ብለን ሐቅ እንሸፍን ነበር፣ ወይም «ያለ ይመስለናል» ብለን ቤተሰቡን እናስጨንቅ ነበር። የዱቤ መዝገብ የሻጩን ገንዘብ ብቻ አይጠብቅም፤ የገዢውንም አኺራ ይጠብቃል።

7. በአንድ እግር አለመቆም

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ሱቃችን የሚኖረው በተማሪ ስለነበር በአንድ ቀን ገዢ አጣ። ለወራት የገባልን የኪራይ ያህል እንኳ አይሞላም ነበር። ያተረፈን መታወቂያና ማመልከቻ መተየብ፣ ለሱቆች ደረሰኝ ማዘጋጀትና ጉርድ ፎቶ ማተም መጀመራችን ነው። ከተማሪ ውጭ ሰፈሩ ውስጥ ወረቀት የሚፈልግ ሰው እንዳለ ያወቅነው ያኔ ነው።

ከተማችንም ይህን በትልቁ አይታለች። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ በዙሪያው ቤት ያከራዩ፣ ምግብ ያበሰሉ፣ ልብስና የስልክ ካርድ የሸጡ ብዙዎች ተጠቃሚ ሆኑ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከጥር 2014 ዓ.ም. ጥቂት ቀደም ብሎም ኢትዮጵያ ከአጎዋ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ወጣች። ሥራውን ያጣው የፋብሪካ ሠራተኛ ብቻ አልነበረም፤ ቁርስ የምትሸጥለት እናትም ገዢዋን አጣች። ውሳኔው የተላለፈው ከእሷ ጓዳ እጅግ በራቀ ቦታ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ማስቀረት አንችልም። ዝግጅት ግን ይቻላል። ከገቢያችሁ ግማሽ በላይ ከአንድ ድርጅት፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ወይም ከአንድ ወቅት የሚመጣ ከሆነ፣ ሥራው ሞቆ ሳለ ሁለተኛ በር ፈልጉ። በመልካም ወር ከገባው ላይ የአንድ ወር ኪራይ እያስቀመጡ መሄድም ያግዛል። ተወኩል ግመሏን ካሰሩ በኋላ ነው።

8. ዘካት

የንግድ ዘካት የሚወጣው ንብረቱ ኒሷብ ሞልቶ አንድ የጨረቃ ዓመት ሲያልፍበት ነው። ኒሷቡ በወርቅ 85 ግራም፣ በብር ማዕድን 595 ግራም ዋጋ ነው፤ በየትኛው እንደምታሰሉ የአካባቢያችሁን ዑለማ ጠይቁ። እኛ ለማስታወስ እንዲቀለን ረመዳን 1ን ቀናችን አድርገናል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ለሽያጭ የተቀመጠው ዕቃ በዕለቱ መሸጫ ዋጋ 180,000 ብር፣ በእጅና በባንክ ያለው 30,000 ብር፣ እንደሚከፈል ተስፋ ያለው ዱቤ 20,000 ብር ነው እንበል፤ ድምሩ 230,000 ብር ይሆናል። ለጅምላ ሻጭ አሁን መከፈል ያለበት 50,000 ብር ሲቀነስ 180,000 ይቀራል። ይህ ኒሷብ ከሞላ ከመቶ 2.5፣ ማለትም 4,500 ብር ይወጣል። የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ መደርደሪያና ጠረጴዛ ለሽያጭ ስላልሆኑ አይቆጠሩም።

ልብ በሉ፤ ዕቃውን፣ ዱቤውንና ዕዳውን ያልመዘገበ ሰው ዘካቱንም በትክክል ማውጣት አይችልም። ለገቢዎች የሚቀርበው መዝገብና ለአላህ የምንተሳሰብበት መዝገብ አንድ ደብተር መሆን አለበት።

በመጀመሪያው ቀን የሚጻፍ አንድ ገጽ

ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ፣ ሁለት ምስክር ባለበት የሚከተለውን ጻፉና ሁሉም ይፈርሙ፤ እያንዳንዱም ቅጂ ይያዝ።

- ማን ስንት አዋጣ፤ ስጦታ፣ ብድር ወይስ ድርሻ ነው፤ በምን ገንዘብ ነው
- ትርፍ በስንት መቶኛ ይከፈላል፤ ኪሳራ እንዴት ይሸከማል
- ማን ምን ይሠራል፤ ደመወዙ ስንት ነው
- ከመሳቢያ ገንዘብ የሚያወጣው ማን ነው፤ እስከ ስንት
- ሒሳብ መቼ መቼ አብሮ ይታያል
- አንዱ ቢወጣ፣ ቢታመም ወይም ቢሞት ምን ይደረጋል
- አለመግባባት ሲመጣ ማን ፊት ይቀረባል

«አታምነኝም ወይ?» የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው፦ መጻፍ የታዘዘው በሚተማመኑ አማኞች መካከል ነው። የምንጽፈው ጓደኛችንን ስለጠረጠርን ሳይሆን እንዳናጣው ነው። እህታችን ዛሬ በውል አራት ገጽ ያላት ባለድርሻ ናት፤ በየሦስት ወሩ ሒሳብ ስናይ መነጽሯን አድርጋ ደብተሩን መስመር በመስመር ታነባለች። እኛም ደስ ይለናል።

አላህ ሐላል ሪዝቅ ይወፍቃችሁ፤ በትንሹም በብዙውም በረካ ያድርግበት። ወላሁ አዕለም።